ሲስተር ዘርፌ የማታምነው ቃል

የሲስተር ዘርፌን ሞት የነገረኝ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ታሪኩ ነው። ጠዋት ሥራ ገብቼ ጓንት እያጠለቅሁ ሳለ ደወለና «ሰማሽ? አቃቤ ሕጓ አረፈች» አለኝ። አቃቤ ሕግ ብለን ስም ያወጣንላት እኛው ነን። ጤና ጣቢያችን ከልደታ ፍርድ ቤት ብዙም ስለማይርቅ ሠራተኛው ሁሉ የችሎት ወሬ ይወዳል፤ እሷ ደግሞ በሽተኛ ስትጠይቅ ተከሳሽ የምትመረምር ትመስል ነበር። ታሪኩ ስሟን ሲጠራ ድምፁ ተሰብሯል። እኔ «በምን?» አልኩት።

«ወድቃ ነው አሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት ልደታ ማርያም በር ላይ። ያን ጊዜ ምንም አልሆነችም ነበር፤ ኋላ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ተጠራቅሞ ተገኘ።»

ስልኩን ዘጋሁት። አላለቀስኩም። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ይህቺ ሴትዮ በሕይወት እያለች ሰላም ነስታኝ ነበር፣ ጭራሽ ሞታም ልትነሳኝ ነው አልኩ በልቤ። ምክንያቱም ልደታ ማርያም በር ላይ የወደቀች ዕለት እኔ እዚያው ነበርኩ። ከመሬት ያነሳኋት እኔ ነኝ። ይህንን ታሪኩም አያውቅም፣ ማንም አያውቅም።

የሞተን ሰው ደግ ነበር ማለት የአገራችን ወግ ነው። በዚያ ሳምንት ጤና ጣቢያው ውስጥ ሁሉም እየተነሳ «እናታችን ነበሩ» ሲል ሰማሁ። እናታችን! ከእነዚህ «ልጆቿ» መካከል ስንቱ ሽንት ቤት ገብቶ በእሷ ምክንያት እንዳለቀሰ እኔ አውቃለሁ። ሲስተር ዘርፌ ደግ አልነበረችም። በአካል አንቱ እላት ነበር፤ በልቤ ግን አንድ ቀንም አንቱ ብያት አላውቅም፤ አሁንም አልላትም።

አጭር፣ ቀጭን፣ እንደ ሽቦ የደረቀች ሴት ነበረች። ነጭ ጋዋኗ ሁልጊዜ ተተኩሶ ቀጥ ያለ ነው። መነጽሯን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። የምታደርገው የወንድ ጫማ ነው፤ ሶሉ ጎማ ስለሆነ ድምፅ የለውም፤ ከኋላችን መምጣቷን የምናውቀው በአፏ በምትይዘው ቅርንፉድ ሽታ ነበር። ቅርንፉድ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ወገቤን ቀጥ አደርጋለሁ። እጇ ክረምት ከበጋ በረዶ ነው። በሽተኛ ከመንካቷ በፊት መዳፎቿን ብብቷ ሥር ከትታ ታሞቃቸዋለች። ለሰው ልጅ ስታደርግ ያየኋት ትሕትና ይህቺው ብቻ ነች፤ ያቺም ለበሽተኛ እንጂ ለእኛ አልነበረችም።

ድንገተኛ ክፍል ስመደብ አዲስ ምሩቅ ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ የወደቁ ሽማግሌ አየሁና ካርዳቸው ላይ የእጅ መሰበር ብዬ ጻፍኩ። ካርዱን አነበበችና መለሰችልኝ።

«ምን አሉሽ ሲገቡ?»

«ምንም አልሆንኩም ነው ያሉት፣ ሲስተር።»

«የታለ ታዲያ? አልጻፍሽውም።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀችም። የሕመሙ ምልክት በሚጻፍበት መስመር ላይ፣ ከሁሉም በፊት፣ «ምንም አልሆንኩም ይላሉ» ብዬ እንድጽፍ አደረገችኝ። ለእሷ ይህ ቃል እንደ ትኩሳት፣ እንደ ማስመለስ ያለ የበሽታ ምልክት ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ወድቆ መጥቶ ይህን ካለ፣ አለች፣ አንዳች ነገር ደብቋል ማለት ነው። ወይ ልጆቹን ላለማስቸገር ነው፣ ወይ ሆስፒታል እንዳይተኛ ፈርቶ ነው፣ ወይ ብቻህን አትወጣም ተብሎ ከቤተ ክርስቲያን ወይ ከመስጊድ እንዳይቀር ነው።

ሁለት አባባል ነበራት፤ በቀን አሥር ጊዜ እንሰማቸዋለን። አንደኛው «ሽማግሌ ዝም ብሎ አይወድቅም፤ የሚጥለው አለ» የሚል ነው። ስለዚህ ምን ላይ ወደቁ ብሎ መጠየቅ አያድንም፣ ለምን ወደቁ ነው መባል ያለበት። ሁለተኛው «ልጅ ባለበት እናት አትታመምም» የሚል ነው። አስታማሚውን ሁሉ አባርራ በሩን የምትዘጋው ለዚህ ነበር። አነጋገሯ ለዛ የለውም። «ውጡ! እሳቸው አፍ አላቸው!» ትላለች። አባቱን አቅፎ ያመጣ ጎልማሳ እንደ ሌባ ተገፍትሮ ሲወጣ እናፍራለን፤ እሷ ግን የሐፍረትን ነገር አታውቀውም።

ጥያቄ ጠይቃ መልስ ስትጠብቅ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል ታደርጋለች። አትናገርም፣ አትረዳም፣ ዘንበል ብላ ዝም ትላለች። ያቺን ዝምታ ከስድቧ የበለጠ እጠላት ነበር።

የግንቦት ልደታ ዕለት ነው። ሰፈሩ ከማለዳ ጀምሮ በሰው ተጥለቅልቋል። ረፋድ ላይ ሁለት ዲያቆናት አንዲት መነኩሲት ደግፈው አመጡ፤ ቢጫ ቀሚስ የለበሱ፣ ቆብ የደፉ፣ እፍኝ የማይሞሉ እማሆይ። ደረጃ ላይ ወድቀዋል። ጉልበታቸው ተልጧል።

«ምንም አልሆንኩም ልጄ፤ ድንጋዩ አዳልጦኝ ነው» አሉኝ።

እንደተማርኩት ካርዱ ላይ ጻፍኩ። ቃሉን መጻፉን እንጂ መጠርጠሩን ገና አልለመድኩም ነበር። ጉልበታቸውን አጠብኩ፣ ፋሻ አደረግኩ፣ እጅና እግራቸውን አንቀሳቅሼ አየሁ። ቀና ብለው «በልጅ በሀብት ይባርክሽ» ብለው መረቁኝ። ደስ አለኝ። በበዓል ቀን የመነኩሲት ምርቃት ማን ይጠላል? ልሸኛቸው ስል የቅርንፉድ ሽታ መጣ።

«ቆቡን አየሽ?»

«ምኑን፣ ሲስተር?»

«ከቆቡ ሥር ያለውን።»

«መነኩሲት እኮ ናቸው!» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«መነኩሲት ጭንቅላት የላትም?»

ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ዲያቆናቱ እንኳ ሳቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። እኔ የመነኩሲት ቆብ በሌላ ሰው እጅ አይነካም ተብሎ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እዚያ የተሰበሰበውም ሁሉ እንደዚያው ነው ያደገው፤ እሷም ጭምር። ያሳቀው እኔ የተናገርኩት ሳይሆን እሷ እኔን ማዋረዷ ነበር።

ሰዉን አስወጥታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች። እማሆይ ፊት ተንበረከከች።

«እማሆይ» አለች፣ ድምፅዋ የሌላ ሰው እስኪመስለኝ ድረስ ለስልሶ፣ «እኔ ቆብዎን አልነካም። ራስዎ ያውልቁት፤ እኛ ፊታችንን እናዞራለን። ከዚያ ነጠላዎን ይከናነቡ። ከሥር እጄን ብቻ አስገባለሁ፣ በዓይኔ አላይም።»

ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዞርን። እንደተቀጣ ተማሪ ጎን ለጎን ቆመን ቀለሙ የተላጠውን ግድግዳ ስናይ ትዝ ይለኛል። «እሺ» ሲሉ ዞረች፤ እጇን ከነጠላው ሥር አስገብታ በቀስታ ዳሰሰች። ወደ ማጅራታቸው ስትደርስ እማሆይ ትንፋሻቸውን ሳቡ። እጇን ስታወጣው ጓንቱ ደም ነበር።

«አሁን እውነቱን ይንገሩኝ» አለቻቸው። «ለምን ወደቁ?»

አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ጠበቀች።

«ድንጋዩ አይደለም ልጄ። ዓይኔ ጨለመብኝ። ለልጅቱ ብነግራት ሆስፒታል ትልከኛለች ብዬ ነው።»

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

ከቀሚሳቸው ውስጥ ከተሰፋ ኪስ አንድ የኪኒን ካርድ አወጡ። የልብ ክትትል አላቸው፤ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ይውጣሉ። እንዲህ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው ራሱን ከተመታ ደሙ ውስጥ ለውስጥ ቀስ እያለ ይፈስሳል፤ እየሳቀና እየመረቀ ቤቱ ይገባል፣ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ይወድቃል። አምቡላንስ ተጠራ። እማሆይ ጭንቅላታቸውን ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ ዳኑም።

በዚያኑ ቀን ማምሻውን፣ ሻይ በምንጠጣበት ክፍል፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ብርጭቆዋን አስቀምጣ «አክብሮትሽ ሊገድላቸው ነበር» አለችኝ። በዓመቱ እማሆይ ድነው በእግራቸው ሊያመሰግኗት ሲመጡ ደግሞ ወደ እኔ እያመለከተች «ለእኔ ሳይሆን ለዚህች ይጸልዩላት፤ ከጉልበት በላይ አይታያትም» አለቻቸው። እማሆይ የምር መስሏቸው ጸለዩልኝ። ያን ቀን ነው ቂም የያዝኩባት። ትክክል መሆኗ ደግሞ ቂሙን አባሰው፤ ተሳስታ ቢሆን ኖሮ ይቅር እላት ነበር።

ቂሜን የምወጣበት ቀን ሳልፈልገው መጣ።

ጌጃ ሰፈር ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው፣ ቀልደኛ ሰው። ከታክሲ ሲወርዱ እግራቸው ተንሸራቶ ግራ ጎናቸውን የበሩ ብረት መታቸው። ልጃቸው ጠበቃ ነው፤ ከፍርድ ቤት ጥቁር ካባውን ክንዱ ላይ እንዳደረገ ሮጦ ደረሰ። አባቱን ስጠይቅ የሚመልሰው እሱ ነው። «አባቴ ጤነኛ ነው፣ ስኳር የለበትም፣ ጎኑን ብቻ ነው ያመመው።» ጋሽ ሸምሱ ከጎኑ ሆነው «ምንም አልሆንኩም፣ ሱቁ ክፍት ነው፣ ልሂድበት» ይላሉ።

ግፊታቸውን ለካሁ። መቶ ሃያ በሰማንያ። የልብ ምታቸው የተረጋጋ ነው። «ጋሼ፣ የወጣት ግፊት ነው ያለዎት!» አልኳቸው፤ ሳቁ። የሕመም ማስታገሻ ጽፌ ልሸኛቸው ብዕር አነሳሁ።

ሲስተር ዘርፌ መጣች። ጠበቃውን አስወጣችው። «የት ነው የምወጣው? አባቴ እኮ ነው!» አለ። «አባትህ አፍ አላቸው» አለችና በሩን ዘጋችበት። ከዚያ ጋሽ ሸምሱ በኮት ኪሳቸው የያዙትን ፌስታል አስወጥታ ኪኒናቸውን ሁሉ አልጋው ላይ ዘረገፈችው።

«ዘወትር ግፊትዎ ስንት ነው?»

«ኧረ ተይኝ፣ መቶ ሰባም መቶ ሰማንያም ይላል። ልጆቼ አያውቁም።»

ወደ እኔ ዞረች። «ለአንቺ ጤና የሆነው ለእሳቸው አይደለም። ከመቶ ሰማንያ ነው መቶ ሃያ የገቡት። የት ሄደ ደማቸው?»

«የልብ ምታቸው ግን…»

«ይሄ ኪኒን ልብን አስሮ ይይዛል። ልባቸው መሮጥ ፈልጎ ነው ያቃተው።»

ግራ ጎናቸውን ከጎድን አጥንቱ ሥር ተጫነችው። ጋሽ ሸምሱ ጮኹ። ጩኸቱን ሰምቶ ልጃቸው በሩን በርግዶ ገባ፤ አባቱ ልብሳቸው ተገልቦ፣ አንዲት አሮጊት ነርስ ሆዳቸውን ተጭና አየ። እሷ አምቡላንስ እየጠራች ነበር።

ጋሽ ሸምሱ በሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። ውስጣቸው ደምቶ ነበር። ልጃቸው በሐዘን ታውሮ ክስ ጻፈ፤ ነርሷ አባቴን አዋርዳለች፣ የተጎዳ ሰውነቱን ተጭና ሕመሙን አባብሳለች የሚል። ጠበቃ የጻፈው ክስ ስለሆነ ቀዳዳ አልነበረውም። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቋቋመና ክፍሉ ውስጥ የነበርኩ ብቸኛ ምስክር እኔ ሆንኩ።

ቃሌን በጽሑፍ ሰጠሁ። ልጃቸውን አስወጥታለች፣ ልብሳቸውን ገልባለች፣ ስትጫናቸው ጮኸዋል። አንድም ውሸት የለበትም። ያልጻፍኩት፣ እኔ ማስታገሻ ሰጥቼ ወደ ሱቃቸው ልሸኛቸው እንደነበር ነው። ያልጻፍኩት፣ ደማቸው እየፈሰሰ መሆኑን ያወቀችው እሷ ብቻ እንደነበረች፣ ለሆስፒታል ደጅ ያበቃቸውም ያ መጫን እንደሆነ ነው። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ኮሚቴው ጽሑፌን እንድታነበው ሰጣት። መነጽሯን አደረገች፣ አነበበች፣ አጥፋ መለሰችው። ትጮኻለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠብቄ ነበር።

«ጎደሎ ምርመራ ነው» አለች። በቃ፣ ይህን ብቻ።

ወደ ክትባት ክፍል አዛወሯት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድንገተኛ ላይ የሠራች ሴት ሕፃናት ስትወጋ ከረመችና በዚያው ጡረታ ወጣች። የመሸኛ ኬክ ተቆረጠ፤ አልቀመሰችም። እኔ በእሷ ቦታ የድንገተኛ ክፍሉ አስተባባሪ ሆንኩ። መቼም የሰው ነገር፣ ከወጣች በኋላ «ለምን ወደቁ?» እያልኩ የምጠይቀው፣ አስታማሚ የማስወጣው፣ ኪኒን የምዘረግፈው እኔ ሆንኩ። ሥራዋን ወደድኩት፣ እሷን ግን እንደጠላሁ ቀረሁ። ሁለቱ አብረው መኖር ይችላሉ።

ሁለት ዓመት ያህል አላየኋትም። ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤቷ ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ገባች መባሉን ሰምቻለሁ።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሲበተን ነው። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ገና አልደረቀም፤ እኔ ታክሲ ለመያዝ በልደታ ማርያም በር በኩል እያለፍኩ ነበር። ከበሩ ስትወጣ አየኋት። ያው የወንድ ጫማ። ጥቁር ሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራ ነጠላ ደርባለች። ሰላም ላለማለት ፊቴን ላዞር ስል ቆመች። የአጥሩን ብረት ያዘች። ከዚያ እጇ ለቀቀና ወደ ጎን ወደቀች፤ ጭንቅላቷ የአጥሩን ግንብ ገጨ።

አላዳለጣትም። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። መጀመሪያ ቆመች፣ ቀጥሎ ያዘች፣ በመጨረሻ ነው የወደቀችው።

ጧፍ ሻጮቹ «ወይኔ እናቴን!» ብለው ሲጮኹ ሮጬ አነሳኋት። ቦርሳዋ ተከፍቶ ውዳሴ ማርያሟ፣ መነጽሯ፣ ቁልፏና አንድ የኪኒን ካርድ መሬት ላይ ተበትነዋል። እየለቀምኩ ሰጠኋት። የኪኒኑን ስም አነበብኩት። እማሆይ ከቀሚሳቸው ኪስ ያወጡት ዓይነት ነበር።

«አንቺ ነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ ሲስተር። ተጎዱ እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

ይህን ብላ ዝም አለች። አልሄደችም። አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ አየችኝ።

ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ፊቷ ቆሜ ላብ በላብ የሆንኩባት ዝምታ ነች። መልሱንም አውቀው ነበር፤ እዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለምን ወደቁ? ሻሽዎን ይፍቱ። ይህን ኪኒን ከጀመሩ ስንት ጊዜዎ ነው? ኑ፣ ታክሲ ልያዝና ሆስፒታል እንሂድ። አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

ግን ሌላም ነገር ታየኝ። ብጠይቃት «አሁን ገና ገባሽ?» ትለኛለች። በሕዝብ ፊት፣ በጧፍ ሻጮቹ ፊት፣ እንደገና። ደግሞም እሷው ናት አልሆንኩም ያለችው። ሰው ራሱ ምንም አልሆንኩም ካለ ማመን ምን ነውር አለው? በመሐረቤ የተላጠ መዳፏን ጠረግኩላትና «እንግዲያው ደህና ዋሉ ሲስተር» አልኳት።

አንገቷን ቀና አደረገች። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። አመሰግናለሁ የሚመስል ነገር ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ታክሲው ውስጥ ሆኜ ደስ ብሎኝ ነበር። አልዋሽም። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ጠይቃኝ ሳልመልስላት፣ ጀርባዬን ሰጥቻት ሄድኩ።

ለቅሶው ላይ ከጤና ጣቢያው ሠራተኞች ጋር ሄድኩ፤ ብቀር ይወራብኛል። ድንኳኑ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ተተክሏል። ልጇን ሮማንን ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። የእናቷ ፊት ነው ያላት፣ ግን ለስላሳ ነው። የሙያ ጓደኞቿ መሆናችንን ስትሰማ ሻይ ይዛልን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከችልኝ።

«ያን እሑድ ቤት ስትገባ እጇ ተልጦ አየሁት። ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳት። ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ጎትታ ነው የምትወስደው። እሷ ግን አስፈላጊ አይደለም፣ ነርስ አይታኛለች አለችኝ። የቷ ነርስ ብላት፣ እኔ ያሠለጠንኳት ናት፣ እሷን የሚያመልጣት ነገር የለም፣ አይታ አልፋኛለች አለች። በዚያው ተውኩት። ከሳምንት በኋላ ማንኪያ ከእጇ መውደቅ ጀመረ፣ ወሬ ይጠፋባታል። እርጅና ነው አልን። አንዲት ባለሙያ አይታት ነገር ቢኖር ታገኝ ነበር ብለን እኮ ነው።»

እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያን ቃል ስትናገር ከልቧ አምናኝ ነበር ወይስ ልትቀጣኝ? እሷን ለሚያውቅ ሁለቱም ያስኬዳሉ። «ለቅሶዬ ላይ መምጣቷ አይቀርም፣ ያኔ ትሰማዋለች» ብላ አስቀምጣልኝ ይሆናል። ወይም ደግሞ አንድም ቀን ፊት ለፊቴ ያልተናገረችውን እውነተኛ ሐሳቧን ተናግራ ይሆናል። የትኛው እንደሚብስ መለየት አቅቶኛል። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ዛሬም አልወዳትም፣ አንድ ቀንም ሳላስባት ውዬ አላውቅም።

«ያቺን ነርስ ታውቂያት ይሆን?» አለችኝ ሮማን። «ከመሬት ያነሳቻት እሷ ነች። ላመሰግናት ፈልጌ ነበር።»

ብርጭቆው ከእጄ አምልጦ ሻዩ ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ። ሮማን ደንግጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«ውይ! ምነው እህቴ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም» አልኳት።

አመነችኝ። እናቷ ብትሆን ኖሮ አታምነኝም ነበር።